ትንሽ ዋኝቼ እመጣለሁ

ሃሴት ለእናቷ የባሕር ዳርቻ መምረጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ መስሏት ነበር። ይኸው አምስተኛ ቅዳሜዋን ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ወላጆቿ ቤት ትመላለሳለች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሃያ ሰው የተጨቃጨቀበትን ነገር በአንድ ሠንጠረዥ ጸጥ የምታሰኝ ልጅ፣ እዚህ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሽማግሌ ማስማማት አቅቷት ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ጉዞው የእናቷ ነው። እጅጋየሁ አላሜዳ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ስታጥብና ስታለብስ ኖራ ባለፈው መጋቢት ጡረታ ወጣች። ሃሴት «ምን ላድርግልሽ?» ብላ ስትጠይቃት ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም።

«ሞቅ ያለ ባሕር ውስጥ እስከ አንገቴ መቀመጥ ነው የምፈልገው።»

መዋኘት አላለችም፤ መቀመጥ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምሳዋን የበላችው በመጦሪያው መስኮት ባሕር እያየች ነው፤ ያ ባሕር ግን በሐምሌም ቢሆን እግር ቢነክሩበት ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ሜዲትራኒያን ተባለ። ትኬቱ የሃሴት ስጦታ፣ ተጓዦቹ ባልና ሚስት፣ ጊዜው ፍልሰታ ተፈትቶ የትምህርት ቤት ልጆች ከየባሕሩ ከተሰበሰቡ በኋላ።

ያስቸገረው አባቷ ነው። ተክለጻድቅ ግሪክ የሚባል አገር ደግሜ አላይም አለ፤ ምክንያቱን ደግሞ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። በደርግ ጊዜ ለሥልጠና አቴንስ ተልኮ እዚያው ቀረ። የአሜሪካ ወረቀት አልወጣ ብሎት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በስደተኛ ማረፊያ፣ ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል፣ በዳቦና በወይራ ኖረ። አዲስ ሙሽራ የነበረችው እጅጋየሁ ደግሞ በመተማ በኩል በእግሯ ወጥታ ኻርቱም ገባች፤ የሰው ልጅ እያሳደገች እስኪጠራት ጠበቀች። ሃሴት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የጻፈችው ድርሰት ይኸው ነበር። ስምንቱ አልጋ፣ ዳቦው፣ ወይራው፣ ሁሉም ገብቶበታል። ያኔ ጮክ ብላ ስታነብለት አባቷ ከመሃል ተነስቶ ወጣ። እንባውን ሊደብቅ ነው ብላ ነበር።

«ያኔ ርቦህ ያየኸውን አገር አሁን ጠግበህ እየዋ!» አለችው እጅጋየሁ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ። ከግሪክም ቀርጤስን መረጠች። ጳውሎስ ቲቶን የተወባት ደሴት ናት፣ ቢያንስ ስሟን አውቀዋለሁ ብላ።

የአውሮፕላን ትኬቱም ተቆረጠ፤ ሌላው ሁሉ ግን ገና ነበር።

«ይቺኛዋስ? አሸዋዋ ሮዝ ነው፣ እዪ» አለች ሃሴት ስክሪኑን ወደ እናቷ አዙራ።

«ሕዝብ ነው እዚያ» አለ ተክለጻድቅ ከወንበሩ ሳይነሳ። «በአውቶቡስ እያመጡ ነው የሚያራግፉት። እናትሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በቀሚስ ልትገባ ነው?»

«በቀሚሴ ነዋ የምገባው! በዚህ ዕድሜዬ ማን ዞር ብሎ ሊያየኝ ነው?»

«ይቺስ? ዘንባባው፣ ደግሞ ወንዙ ባሕሩ ውስጥ ሲገባ።»

«ደረጃ አለው። መውረዱስ ይሁን፣ መውጣቱ ለእሷ ጉልበት አይሆንም።»

ሃሴት የጎብኚዎችን አስተያየት ከፍታ አየች። እውነትም ደረጃ አለው። ሠንጠረዡ ላይ «ደረጃ» በሚለው ዓምድ ቀይ ቀባችበትና ወደ ቀጣዩ ወረደች።

ቀጣዩ ፔትራኪ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። መኪና አሸዋው ድረስ ይደርሳል። ውኃው ሩቅ ድረስ ከጉልበት አያልፍም። ዳር ላይ አንዲት ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከአጠገቧ አምስት ክፍል ያለው እንግዳ ማረፊያ። እጅጋየሁ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስክሪኑን በአፍንጫዋ ልትነካው ደረሰች።

«ይቺ ናት። ተሳልሜ ገብቼ ተሳልሜ እወጣለሁ። አበቃ።»

«ጠጠር ነው» አለ ተክለጻድቅ።

«አባዬ፣ ፎቶው ላይ አሸዋ ነው።»

«ዳር ዳሩ ነው አሸዋው፤ ገባ ሲሉ ጠጠር ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንፋሱ ከተራራው ሲወርድ ዓይን አያስገልጥም።»

«ከየት አመጣኸው?»

«አነበብኩ።»

«እሱ የማያነበው ምን አለ?» ብላ ሳቀች እጅጋየሁ። ሬድውድ ሲቲ የአውራጃው መሥሪያ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት መንገድ ሲነድፍ የኖረ መሐንዲስ ስለሆነ፣ ስለ ተዳፋትና ስለ ንፋስ ሲናገር ማንም አይከራከረውም። ሃሴት ግን ማታ ቤቷ ሆና ፈለገች። ስለ ፔትራኪ አሥራ አንድ ሰው ጽፏል። ንፋስ አለባት ያለ አንድም የለም። ሰኞ ከወላጆቿ ጋር የምትጋራውን ሠንጠረዥ ስትከፍት የፔትራኪ ረድፍ የለም፤ ያጠፋው አባቷ እንደሆነም ሠንጠረዡ ራሱ ይናገራል። መለሰችው። ማክሰኞ ደግሞ ጠፋ። ሰው ሲያረጅ እልኸኛ ይሆናል ብላ ተወችው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ጋሽ ማንደፍሮ ደወሉላት። የአባቷ የአቴንስ ጓደኛ ናቸው። አርባ ዓመት ሂውስተን ታክሲ ነድተው፣ ባለፈው ክረምት ሳን ሆዜ ልጃቸው ጋ ጠቅልለው መጡ። ስለ ጉዞው ከእጅጋየሁ በስልክ ሰምተዋል። ሰው መንገድ ሊሄድ ነው ከተባለ ደግሞ ዕቃ ሳያስይዙ መሸኘት እኛ ዘንድ አይታወቅም፤ መንገዱ ግሪክም ቢሆን። መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ አፉ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ ፌስታል ይዘው ቆመው አገኘቻቸው።

«ሃሲዬ! እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? አላቆይሽም። ቫይታሚን ነው፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ አንዲት ሹራብ። ሻንጣ ውስጥ ምንም ቦታ አትይዝም።»

«ለማን ነው የሚሰጠው ጋሼ?»

«ለማኖሊ ነዋ! ለፔትራኪው ማኖሊ። ዘጠና ሁለት ዓመት ሆነው፣ በሕይወት አለ! ልጁን ፌስቡክ ላይ አገኘኋት። አባትሽን ሲያየው ምን እንደሚሆን እንጃ።»

«ፔትራኪ?»

«አባትሽ ሦስት በጋ የከረመባት እንጂ! ከማኖሊ ጋር ጀልባ ላይ ይሠራ አልነበር? እኔ ለዕረፍት ሁለቴ ነው የሄድኩት።» ጋሽ ማንደፍሮ ገና ሳይናገሩት ሳቃቸው መጣ። «አልነገረሽም እንዴ? ወረቀታችን እኮ የወጣው በአንድ ቀን ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያ አንድ፣ ፋሲካ ሊደርስ። እኔ በሳምንቱ በረርኩ። እሱን ና እንሂድ ብለው፣ ‹አንተ ቅደም፤ እኔ ትንሽ ዋኝቼ እመጣለሁ› አይለኝም? ትንሿ ዋና ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀች!»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከኪሳቸው ፎቶ አውጥተው ሰጧት። ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ ቀጭን ወጣት፣ ፀጉሩ ውኃ የሚያንጠባጥብ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ሃሴት አባቷን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። አባቷ መዋኘት አይችልም። ልጅ ሆና አላሜዳ ባሕር ዳር ሲወስዳት ጫማውን እንኳ አያወልቅም ነበር። «እኔ የደጋ ሰው ነኝ፣ ውኃ እፈራለሁ» እያለ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ፎጣዋን ይጠብቅላት ነበር።

ጋሽ ማንደፍሮ ፊቷን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ።

«እናትሽ… ታውቃለች አይደል?»

«ታውቃለች» አለች ሃሴት። ለምን እንደዋሸች አላወቀችም። ፌስታሉን ተቀበለች።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። ተክለጻድቅ ከሰዓት ከሰዓት ቴሜስካል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለች ካፌ በር ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። መኪናዋን ከፊታቸው አቁማ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ ግባ።»

«ምነው? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ግባ።»

ጥግ እስክትዞር ጠበቀች። ከዚያ አቆመችና «ማኖሊ ማነው?» አለች።

ተክለጻድቅ ቀበቶውን ሊያስር ጀምሮ ተወው። «ማንደፍሮ ነው?» አለ።

«ሴት ነበረችህ እዚያ?»

«ምን?»

«ሴት። ነበረችህ?»

«የለም። ማንም አልነበረም። እናትሽ ትሙት።»

«እናቴን ተዋት! ታዲያ ምን ነበር?»

«ምንም» አለ። «ጠዋት ከማኖሊ ጋር መረብ እንስባለን። ከዚያ እዋኛለሁ። እሱ ነው ያስተማረኝ። ከአገሬ ስወጣ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉ ሰው ከእኔ የሆነ ነገር ይጠብቅ ነበር። አባቴ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ማኅበሩ፣ መንግሥት። እዚያ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ፣ በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ ስል…»

ሃሴት ሴት ብትኖር ይሻል ነበር ብላ አሰበች። ሴት ስም አላት፤ ሰው ሊጠላት ይችላል።

«እማዬ ትጽፍልህ ነበር?»

«በየወሩ።»

«ምን ብለህ ትመልስላት ነበር?»

ቀበቶውን እንደገና ጎተተ።

«‹ወረቀቱ አልወጣም› ነው አይደል? እኔስ? ያን ድርሰት ሳነብልህ?»

«ተዪው ልልሽ ነበር።»

«ግን አላልክም።»

«ተቀበሉሽ እኮ፣ ሃሲ።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ የሆነ ማጽናኛ ነገር ነበር፤ ነገሩ ለእሷ ጥቅም የተደረገ ይመስል። ከሁሉም ያበገናት ይሄ ነው።

«ከጉዞው በኋላ እነግራታለሁ» አለ። «መጀመሪያ ባሕሯን ታግኝ። ሌላ ቦታ እንምረጥላት፣ ደስ ብሏት ትመለስ፤ ከዚያ እኔው ራሴ…»

«እስከ ቅዳሜ። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። በባልና ሚስት መሃል አትግቢ።»

«አስገብተኸኛል እኮ! ውሸትህን ተሸክሜ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄጃለሁ።»

ካፌው በር መልሳ አወረደችው። ጓደኞቹ ወንበሩን ጠብቀውለት ነበር።

ቅዳሜ ስትመጣ እናቷ ጠረጴዛው ላይ ፓስፖርቶቹን፣ አዲስ የገዛችውን ሰፊ የጥጥ ቀሚስና የፀሐይ ባርኔጣ ደርድራ ጠበቀቻት። ተክለጻድቅ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል።

«መጣሽልኝ! እስቲ አስታርቂን» አለች እጅጋየሁ። «አባትሽ ከትናንት ጀምሮ ስፔን፣ ስፔን ይለኛል። ያ ሁሉ ድካምሽ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው? እኔ ፔትራኪ ልቤ ውስጥ ገብታለች። ዛሬ ቡክ አድርጊልኝና ልረፍ።»

ሃሴት አባቷን አየችው።

«አባ።»

«ስፔን ውኃው የበለጠ ይሞቃል» አለ ተክለጻድቅ ለመስኮቱ።

እሷ ሰውን ለረጅም ጊዜ መጠበቅ አትችልበትም። ፌስታሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀሚሱ አጠገብ አስቀመጠች።

«ይሄ የጋሽ ማንደፍሮ ዕቃ ነው። ፔትራኪ ላለ ማኖሊ ለሚባል ሰው የተላከ። አባዬ እዚያ ኖሯል፣ እማ። ወረቀቱ ሰማንያ አንድ ላይ ወጥቶለት ነበር። ጋሽ ማንደፍሮ መጡ፣ እሱ አልመጣም። ሁለት ዓመት ተኩል እዚያ ነበር።»

በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እጅጋየሁ የፌስታሉን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች፣ የደም ግፊት መለኪያውን ከካርቶኑ አወጣች፣ አገላበጠችው።

«ይሄ የእጅ አንጓ ነው» አለች። «ትክክል አያነብም። ለሽማግሌ የክንድ ነው የሚሻለው።»

ከዚያ ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

«መቼ ነው የወጣው? ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት» አለ ተክለጻድቅ።

«በዚያ ፋሲካ ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ስቃዥ ‹ባሌ ሊወስደኝ ነው› እያልኩ ነበር አሉ። ልጆቹ ሲስቁብኝ ከረሙ።» ለራሷ እንደምታወራ ነው የተናገረችው። «ሴት ነበረችህ?»

«የለም። በማርያም—»

«ማርያምን ምን አመጣት? ሴት ብትኖር ምን ነበረበት፣ በሰው ተበለጥኩ እል ነበር። እኔ ምን አልኩህ? በየወሩ ስጽፍልህ፣ ቸኩልልኝ ብዬህ አውቃለሁ? ‹አይዞህ፣ ያልፋል› እያልኩህ! አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ አይዞህ የምባለው?»

ተክለጻድቅ ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ሰባ ሦስት ዓመቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ የደረሰበት መሰለ።

«ይቅር በይኝ።»

«እሱን ቆይ። መጀመሪያ ንገረኝ። እንዴት ነበር?»

«ምኑ?»

«ባሕሩ።»

ሃሴት እናቷ ልታሳፍረው መስሏት ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ቁጣ አላየችም፤ ከምር ነው የምትጠይቀው። ተክለጻድቅ መጀመሪያ ቃል በቃል እየጎተተ፣ አንዴ ሚስቱን አንዴ ልጁን እየሰረቀ እያየ ጀመረ። ጠዋት ውኃው እንደ መስተዋት ነው። ማኖሊ መጀመሪያ ሆዱን ከሥር ደግፎ ይይዘው ነበር፤ አንድ ቀን ሳይነግረው ለቀቀው። ከቤተ ክርስቲያኗ እስከ ጥቁሩ ዓለት ደርሶ መመለስ፣ ትንፋሽ እስኪያጥር፣ ከዚያ በጀርባ ተንሳፍፎ ሰማይ ማየት። ድምፁ እየሞቀ ሄደ። ራሱን ረሳ። እጆቹ ከጉልበቱ ተነስተው አየሩን ግራና ቀኝ መክፈል ጀመሩ፤ እንዴት እንደሚገፋ፣ እንዴት እንደሚያዞር እያሳየ። ሃሴት አባቷን በሠላሳ ዓመቷ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ስትመረቅ ጊዜ፣ ቤት ሲገዙ ጊዜ፣ በየልደቷ፣ ሁሌ ጨዋ፣ ሁሌ ትንሽ ራቅ ያለ ሰው ነበር። ድካም ነው፣ ያሳለፈው መከራ ነው ይሉት ነበር። ደስታው እንግዲህ እዚያ ቀርቶ ኖሯል።

እጅጋየሁም አየችው። እሱም በመጨረሻ መታየቱን አየ። እጆቹ ካሉበት ቆሙ።

«ሃሲ» አለች እጅጋየሁ፣ «የእሱን ትኬት ካንስል አድርጊው።»

«እማ፣ የአንዱን ብቻ?»

«የእሱን ብቻ አልኩሽ።»

«እጅጋየሁ፣ እባክሽ፣ ማን ይዞሽ ይሄዳል? ቋንቋውን አታውቂ—»

«ባሕር ውስጥ ለመቀመጥ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?»

ሃሴት ገጹን ከፈተች። ሁለት ስም ጎን ለጎን ተቀምጧል። የአባቷን ነካች። ምክንያት ይጠይቃል፤ ሕመም፣ ሐዘን፣ የሥራ ጉዳይ፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለውን መረጠችና አለፈች። አባቷ አንዳች ነገር ትላለች ብሎ ሲጠብቃት ይሰማታል፤ ቀና አላለችም።

«ተሰርዟል» አለች።

እጅጋየሁ ባርኔጣውን ከጠረጴዛው አንስታ ቦታ አስለቀቀች፤ ወንበሯን ወደ ባሏ አስጠጋች፤ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። መጦሪያው ውስጥ ፈረቃ ስትረከብ ስለ በሽተኛው ሁሉን ነገር ከቀዳሚዋ ነርስ ጠይቃ ትይዝ የነበረው እንዲህ ነው።

«አንተ ለምን አቆምክ? ቀጥል» አለችው። «ገባ ሲሉ ጠጠር ነው ያልከው እውነት ነው ወይስ እሱም ውሸት ነው?»

«ውሸት ነው» አለ ተክለጻድቅ። «አሸዋ ነው።»

«ንፋሱስ?»

«ንፋሱ አለ። ከስምንት ሰዓት በኋላ። ግን ዓይን አያጠፋም።»

«እሺ። እስከ አንገቴ ሆኜ የምቀመጥበት፣ ውኃው የሚሞቀው የቱ ጋ ነው?»

ተክለጻድቅ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ የባሕሩን ጠርዝ ቀስ ብሎ ነደፈ፤ ቤተ ክርስቲያኗን፣ ጥቁሩን ዓለት፣ በሁለቱ መሃል ወደ ውስጥ ገባ ያለችውን ጥግ።

«እዚህ ጋ» አለ። «ከዓለቱ ወዲህ። ከሥሯ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ ወንበር ማለት ነው። ጠዋት አይደለም፤ ፀሐይ ስትመታው ውላ፣ አሥር ሰዓት ግድም።»

«ጻፊው» አለች እጅጋየሁ፤ ሃሴትም ጻፈችው።